የላይኛው የታችኛውን ያልብስ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬ ሁለት መርፌ ሰበርኩ። አጎቴ አልተቆጣም። ቀና ብሎ አየኝና፣ "መርፌ የምትበዪ ከሆነ ምሳሽን ለእኛ ተዪልን" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም የምስቅ መስዬ አጎነበስኩ። "ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?" ቀጠለ። ይሄን በቀን ሦስቴ ይለኛል።

ሸራ ነው የምንሰፋው። የጭነት መኪና ልባስ፣ የገበያ ጥላ፣ ድንኳን። ቤቱ የአጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። ትምህርት ከስድስተኛ ካቆምኩ ጀምሮ እዚህ ነኝ። አራት ነን፤ አጎቴ፣ ቆራጩ፣ እትዬ ቀስታና እኔ። እትዬ ቀስታ የእውነት ስማቸው አይደለም። "ቀስ ልጄ፣ ቀስ" ስለሚሉ ነው። ከአጎቴ በፊት ለአያቴም ሰፍተዋል።

ትናንት በጉባኤ መጋቢው የምናመልክበትን አዳራሽ በወሩ አጋማሽ እንለቃለን አለ። ባለቤቱ ሊያፈርሰው ነው። ሌላ እስኪገኝ ከሸክላ መሥሪያው ጎን ባለው ባዶ ቦታ፣ በድንኳን። አጎቴ እጁን አወጣ። "ድንኳኑን እኔ እሰፋዋለሁ።"

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ሁልጊዜ እዚያ ነኝ። መጨረሻ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን በየተራ ስንጸልይ፣ መጸለይ ያልፈለገ የሚቀጥለውን ሰው እጅ ጨበጥ ያደርጋል፤ ተራው ያልፋል። እኔ አንድም ቀን ሳልጨብጥ ቀርቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሸራው መጣ። ለሦስት ተሸክመን አስገባነው። ቆራጩ መቀሱን እያንቀጫቀጨ፣ "እሺ፣ የእግዚአብሔርን ልክ ማን ወሰደ?" አለ።

"ቁረጥ፣ አትቀባጥር" አለው አጎቴ።

"አይ፣ በኋላ ጠበበኝ እንዳይል ብዬ ነው!"

እትዬ ቀስታ እንኳ ሳቁ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እሷው ነገር ስትመላለስብኝ ዋለች። ሰማይ አይበቃውም ይላል መጽሐፉ። ታዲያ ሸራ ውስጥ እንዴት…? ሰዎች አዳራሹ ውስጥ "አሁን እዚህ አለ፣ ይሰማኛል" ሲሉ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የሚሰማኝ የበሩ ንፋስ ነው።

ምናልባት እጄ የነካው ነገር ውስጥ ሲገባ እኔም ይሰማኝ ይሆናል… አላውቅም። ሞኝነት ነው። ግን አሰብኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

የጣሪያው ሸራ ረጃጅም ቁራጭ ነው፤ አንዱ ከሌላው በታች እየሆነ ይገጠማል። እትዬ ቀስታ ጠርዙን ከጠርዙ ላይ አድርገው አሳዩኝ። "የላይኛው የታችኛውን ያልብስ። ይቺን ከያዝሽ ዝናብ ወርዶ ወርዶ መሬት ይገባል። ከገለበጥሽው ግን ስፌቱ አፉን ከፍቶ ውሃውን ይጠጣል። ከዚያ የሚተፋው በሰው ራስ ላይ ነው።" ቆራጩም ከስር የሚገባውን ጠርዝ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። በትክክል ከተሰፋ ምልክቱ ተሸፍኖ ይቀራል።

የጣሪያው ስፌት የእሳቸው ነው። አጎቴ ለሌላ አይሰጥም።

አንድ ነገር ግን እኔና እሳቸው ብቻ እናውቃለን። ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት ጠዋት አጎቴ ሳይገባ አሥር መርፌ ክር አስገብቼ መርፌ መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ እሰካላቸዋለሁ። በእጅ የሚሰፋው ጠርዝ ከዚያ ይመዘዛል። ሌላውን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚሠሩት። አጎቴ ካወቀ የስፌት መኪናው ላይ አያስቀምጣቸውም። ከዚህ ቤት ሌላ ደግሞ ምን አላቸው? ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

መጋቢው ስለ ድንኳኑ ሰበከ። ያኔ፣ በምድረ በዳ። ሕዝቡ ሁሉ ዙሪያውን ይሰፍራል፣ የእግዚአብሔር ድንኳን መካከል ላይ። ሲነሱ ይነሳል፣ ሲያርፉ ያርፋል። "ኑና ፈልጉኝ አላለም፣ መጥቶ አብሯቸው ሰፈረ" አለ። ከዚያ ደግሞ በኋላ ሰው ሆኖ መጣ፣ አብሮ በላ፣ አብሮ ደከመው።

እኔ ያሰብኩት ከሰፈሩ ጠርዝ ላይ ስላሉት ነው። መጨረሻው መስመር ላይ ድንኳን የተከለች ልጅ ነበረች አይደል? መካከሉ ከእሷ ምን ያህል ይርቅ ነበር? መጋቢውን ልጠይቀው ፈልጌ ሲወጣ በሩ ላይ ቆምኩ። "ደህና ነሽ?" አለኝ። "ደህና" ብዬ ሄድኩ።

ጎበዝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ዛሬ ደስ ብሎኛል!

አጎቴና ቆራጩ ምሰሶ ሊያመጡ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ደመና ሆነ፣ ቤቱ ጨለም አለ። እትዬ ቀስታ የመጨረሻውን የጣሪያ ስፌት ጀምረው አቆሙ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹት። "ልጄ፣ ይቺን አንቺ ጨርሺልኝ።"

እኔ? ጣሪያውን?

"ቀስ ብለሽ። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል።"

የተጀመረችውን ክንድ የማትሞላ ስፌት ፈትቼ ሸራውን እንደሚመቸኝ አዙሬ ከጫፍ ጀመርኩ። ሃያ ክንድ ሙሉ! ከግድግዳው ከፍ ብሎ ያለው፣ በግራ በኩል ያለው ነው። መኪናው እንደዚያ ሲሮጥልኝ አይቼ አላውቅም። እንኳን መርፌ ክር አልበጠስኩም። አጎቴ ሲመለስ ዓይቶ፣ "እትዬ፣ ዛሬማ በረሩ!" አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ። ሳቄን በሸራው ደበቅኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ገለበጥኩት።

ጠዋት ማንም ሳይገባ ልናጥፈው ዘረጋሁት። ምልክቶቹ ከላይ ናቸው። ሃያ ክንድ ሙሉ፣ ነጭ በነጭ፣ ተደርድረው ያዩኛል። የታችኛው የላይኛውን አልብሶታል። ሸራውን ሳዞር… ያኔ ነው። ደስታው ዓይኔን ጋርዶት።

ቢፈታ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፤ እሱም ያፈሳል። ቁራጭ ሸራ ተደርቦበት እንደ አዲስ መሰፋት አለበት። የሁለት ቀን ሥራ። ማን ሰፋው ሲባል ደግሞ… እኔ ካልኩ፣ ለምን አንቺ? የእትዬ ዓይን ይወጣል።

የአጎቴን ኮቴ ሰማሁ።

እርጥብ ጨርቅ አንስቼ ምልክቶቹን ጠረግኩ። ሁሉንም። እሱ በሩን እስኪከፍት ጨርሻለሁ። "ዛሬስ ቀድመሽናል!" አለ። አጠፍነው። አራት ሆነን፣ ጠርዝ ለጠርዝ ይዘን። እትዬ እየሳቁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ለእትዬ ብዬ ነው። ለእሳቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 17

በአዳራሹ የመጨረሻ ቀን። ሰዎች ግድግዳውን እየነኩ አለቀሱ። መጋቢው "ድንኳኑን የሰፉትን እጆች ጌታ ይባርክ" ሲል ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። እጄን ከቀሚሴ ስር አስገባሁ።

ስንጸልይ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ እግዚአብሔር ገና አልገባም፣ አይደል? ድንኳኑ ተተክሎ፣ ተዘምሮ፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ስፌት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? በዚያ ጠዋት እዚያ አልነበረም…

ይሄን የምጽፈው ለምንድነው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

እናቴ፣ "ምን ሆነሽ ነው? እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ትቁነጠነጫለሽ" አለችኝ። ምንም። "ምንም የሚባል በሽታ አላውቅም" አለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጎረቤት ጠራቻት። ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም።

ደመና ባየሁ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ዝናብ ዘገየ ይላል። እኔ ብቻ ነኝ ይዘግይ የምለው።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ተተከለ። ፀሐይ ነበር። ሸራው ከውስጥ ያበራል፣ የሰው ሁሉ ፊት ወርቅ መሰለ። እናቴ "መላእክት የሰፉት ነው የሚመስለው" አለች። ቆራጩ ሰምቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

እትዬ ቀስታ በግራ በኩል ገቡ። ምሰሶውን ይዘው፣ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ስፌቱን ዳሰሱ። ጣታቸው ሄደ… ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እኔ ወዳለሁበት። ከዚያ ርቀት እንደማያዩኝ አውቃለሁ። ግን ያዩኝ ያህል ሆንኩ።

 ተቀመጡ። ዘመሩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ሳምንቱን ሙሉ አብረን ሰፋን። አልጠየቁኝም። መርፌ ሳስገባላቸው "ተባረኪ" ይላሉ፣ እንደ ሁልጊዜው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰማዩ ጠቁሯል።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ዘነበ።

በሁለተኛው መዝሙር ላይ ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ብቻ፣ ደስ ይላል። ከዚያ በግራ በኩል ውሃው እንደ ቧንቧ መጣ፤ የጣሪያው ውሃ ሁሉ እየወረደ ከእኔ ስፌት ውስጥ ይገባል። ሕፃናት ጮኹ። ሰዎች ወንበራቸውን ይዘው ወደ መካከል ተጣደፉ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አንዱ በሌላው እግር ላይ ቆሞ። የመጋቢው መጽሐፍ ረጠበ።

አጎቴ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ ጣሪያውን አየ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሰው ነው። "ተገልብጦ ነው የተሰፋው! ይሄን ጀማሪ እንኳ አይሠራውም። እትዬ… ይሄ የእርስዎ ስፌት ነው?"

 ውሃው ብቻ ነው የሚያወራው።

እትዬ ቀስታ ተነሱ። "የእኔ ነው። ዓይኔ ደክሟል ልጄ። ልነግርህ ነበረብኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል።"

አጎቴ ከፊቱ ላይ ውሃውን ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ከነገ ጀምሮ ቤትዎ ይረፉ እትዬ" አለ። ጮክ ብሎ ቢናገር ይሻል ነበር።

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ደረቅ ነበርኩ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልነካችኝም።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ጠዋት ቀድሜ ገባሁ። ልማድ ሆኖብኝ አሥር መርፌ ክር አስገባሁ። ትራሷ ላይ ሰካኋቸው። ከዚያ ነው ማን ይሰፋባቸዋል ያልኩት።

ለእሳቸው ብዬ ዝም አልኩ ብዬ ነበር። አሁን ዓይናቸው ታወቀ። ታዲያ አሁን ለማን ብዬ ነው?

እርጥቡ ጨርቅ አሁንም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። አየሁት። እና አንድ ነገር ገባኝ፣ ፈራሁ። ድንኳኑ ሲተከል ይገባል ብዬ የጠበቅኩት… እዚህ ነበረ። ያን ጠዋት። በሩ ሳይከፈት፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ስጠርግ። ምድረ በዳ ድረስ አብሮ የሄደ ስፌት ቤት መግባት ያቅተዋል? አዳም ዛፍ ውስጥ ሲደበቅ የት ነህ ያለው ቦታው ጠፍቶት አይደለም።

ይሰማኛል የሚሉት ይሄንን ነው? ሙቀት ነው ሲሉ ነበር። እኔን ግን አላስቀምጥ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

እትዬ ጋ ሄድኩ። አንዲት ክፍል፣ አልጋ፣ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ጨርቅ። ከበሩ ሳልገባ "አንቺ ነሽ?" አሉ። በኮቴዬ ያውቁኛል። ሰው ሁሉ ኮቴ የለሽም ነው የሚለኝ።

"እትዬ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?"

"ምን አልኩ?"

"የእኔ ነው ብለው…"

"የእኔ ነው እኮ። ሥራው የእኔ ነበር፣ የሰጠሁሽም እኔ ነኝ። ዓይኔም አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም።" ሳቁ። "አንቺን እዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ውሃ ውስጥ ላቁምሽ? ከብርዱ በፊት በእፍረቱ ትሞቺ ነበር።"

አለቀስኩ። ስለ ጨርቁም ነገርኳቸው። ምልክቱን መጥረጌን አያውቁም ነበር።  ይሄኛው ከበዳቸው፣ አየሁ።

"እሱን ለእኔ አይደለም የምትነግሪው" አሉ በመጨረሻ።

ልወጣ ስል ጠየቅኳቸው። እግዚአብሔር የት ነው የሚቀርብዎት፣ ጉባኤ ላይ ነው ወይስ…? ትንሽ አሰቡ። "ክር አልገባ ሲለኝ አወራለሁ አይደል? ያ አፈኛ ቆራጭ፣ ከመርፌ ጋር ታወራለች ይለኛል። ከመርፌ ጋር አይደለም።"

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

አጎቴ ፊት ሦስቴ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ፣ "ምንድነው? ምላስሽን ዋጥሽው?" አለ። እንደ ድሮው አልቀለደም፣ ደክሞታል። ብቻውን ነው የሚሰፋው።

"ክር አለቀ" አልኩ።

ክር አላለቀም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

በቅደም ተከተል ልጻፈው። 

ስፌቱ ላይ ፕላስቲክ አስረውበታል። አልዘነበም። እትዬ መጥተው ነበር፣ ከኋላ። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችኝ፤ በግራ በኩል ያለው መሬት ገና ጭቃ ስለሆነ ሁሉም መካከል ላይ ነው የቆመው። በሩ አጠገብ ማንም የለም።

እጅ ለእጅ ተያያዝን። በቀኜ እናቴ። በግራዬ ማን እንደሆነ ያየሁት ከያዝኩ በኋላ ነው፣ ቆራጩ። ጸሎቱ ዞሮ ዞሮ መጣ። እናቴ ጨረሰች። የእኔ ተራ። የቆራጩ እጅ ጨበጥ እስካደርገው ይጠብቃል፣ ያውቀኛል። ጣቴ ሊጨብጥ ጀመረ።

አልጨበጥኩም።

 አንድ ሰው ሳለ። ቆራጩ በሹክሹክታ "እህቴ፣ ተኛሽ?" አለ።

"ጌታ ሆይ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። "ስፌቱ የእኔ ነው። የእትዬ አይደለም። ተገልብጦ አየሁት፣ ምልክቱን በጨርቅ ጠረግኩት። አጎቴ አያውቅም። አንተ ግን… እዚያ ነበርክ።" ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አሜንም አላልኩ።

 ዓይኔን ስከፍት አጎቴ ትክ ብሎ ያየኛል።

ቆራጩ እጄን አልለቀቀም። እስኪያመኝ ጨብጦ፣ ሌላ ጊዜ የማያቆም ሰውዬ፣ "ጌታ ሆይ፣ እኔም ሲታጠፍ ስፌቱን አላየሁም፤ ልመለከተው ይገባኝ ነበር። አሜን" አለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አጎቴ እስከ ምሳ ድረስ አላናገረኝም። ከዚያ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ! ሦስት ሳምንት! እኔን ዘለሽ ለእግዚአብሔር ትነግሪያለሽ? እሱ መቼ አላወቀም? ያላወቅኩት እኔ ነኝ!"

"ፈራሁህ" አልኩ።

 ተቀመጠ። "ካንቺ አፍ የልብሽን ቃል ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ" አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ሴትዮዋን በሰው ፊት…"

ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልተናገረም። ቆራጩና እኔ ግን ተያየን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ጣሪያው ወርዷል። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታሁ። ቁራጭ ሸራ ደረብኩበት፣ ሰፋሁ፣ ቀዳዳዎቹን ሰም ቀባሁ። አጎቴ አላገዘኝም፣ ማንም እንዲያግዘኝ አልፈቀደም። እስከ ክረምቱ መጨረሻ የጣሪያ ስፌት አልነካም፣ ከዚህኛው በቀር። ጀርባዬ ተቆርጧል።

እትዬ ቀስታ ተመልሰዋል። መኪናው ላይ አይደለም፤ ከመውጫው አጠገብ ወንበር ተቀምጦላቸዋል። የተሰፋ ሁሉ በጣታቸው ሳያልፍ ከቤት አይወጣም። ቆራጩ "ጉምሩክ" ብሏቸዋል። የእኔን ሃያ ክንድ ሲዳስሱ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ሁለት ቦታ ላይ "ፍቺ" አሉኝ። ፈታሁ።

"አሁን ለብሷል" አሉ።

አሥሩ መርፌ አላስፈለጋቸውም። እኔ ግን አሁንም እሰካለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ስደርስ ቀሚሴ ከጉልበት በታች ጨቅይቷል። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶ ነበረች፣ ደረቅ። ቆሜ አየኋት።

በግራ በኩል፣ ከስፌቱ ስር ማንም አልተቀመጠም። ሰው አላመነውም። እውነታቸውን ነው።

ሄጄ እዚያ ተቀመጥኩ። ብቻዬን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ጉንጬ ነደደ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ምሰሶውን ዳስሰው መጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ እናቴ። ከዚያ አጎቴ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ፣ "ካፈሰሰ ቀድሞ በእኔ ነው" እያለ። እሱን አይተው ሌሎችም መጡ።

እግዚአብሔር አሁን የት እንዳለ አልጠየቅኩም። ዛሬም አልሞቀኝም። ግን መውጫውን አልፈለግኩም።

ዝናቡ በረታ። ውሃው ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ መሬት ሲወርድ ይሰማል። መጸለይ ሲደርስ አጭር ነገር አልኩ፣ ሁለት ቃል። ተራውን ለአጎቴ አሳለፍኩ።

በመጨረሻው መዝሙር ላይ አንዲት ጠብታ አንገቴ ላይ አረፈች። ቀዝቃዛ። ሰም ያልደረሰባት አንዲት ቀዳዳ አለች ማለት ነው።

ነገ እቀባታለሁ። ዛሬ ግን ከቦታዬ አልተነሳሁም።